የኢትሩሪያው ሸክላ ሠሪ
የጆሳያ ዌጅውድ ሕይወትና የፋብሪካ አመሠራረት

ፋብሪካ ሲባል ብዙውን ጊዜ ወደ ሐሳብ የሚመጣው ጭስ የሚተፋ ረጅም የጭስ መውጫ፣ የሚጮኽ መኪናና በጧት የሚደወል ደወል ነው። ነገር ግን ፋብሪካ መኪና ከመተከሉ በፊት በሰው አእምሮ ውስጥ ይቆማል። መሥራቹ ሥራውን ከፋፍሎ፣ ሠራተኛውን በየሙያው መድቦ፣ ጥሬ ዕቃው ከየት እንደሚመጣና የተሠራው ዕቃ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ አስቦ፣ ወጪውን ከገቢው ጋር አመዛዝኖ ካልተነሣ በቀር፣ የቱንም ያህል መኪና ቢያስገባ ያቆመው የመኪና መጋዘን እንጂ ፋብሪካ አይሆንም። ይህን እውነት በሥራ ካስመሰከሩት ቀደምት ሰዎች አንዱ በ18ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር የኖረው ሸክላ ሠሪ ጆሳያ ዌጅውድ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና የሙያ ትምህርት

ዌጅውድ የተወለደው በስታፎርድሽየር አውራጃ በበርስለም መንደር ሲሆን፣ ክርስትና የተነሣው ጁላይ 12 ቀን 1730 ነው። ቤተሰቡ ለብዙ ትውልድ በሸክላ ሥራ የኖረ ነበር። በዚያን ጊዜ የበርስለም ሸክላ ሠሪ ማለት ከእርሻው ጎን አንድ ምድጃና አንድ መደብ ያለው፣ ልጆቹንና ጥቂት ረዳቶቹን ይዞ ከአፈር ቁፋሮ እስከ ሽያጭ ሁሉንም የሚሠራ ሰው ነበር። አፈሩ ከየደጁ ስለሚቆፈር የመንደሩ መንገድ ጉድጓድ በጉድጓድ ነበር። የተሠራው ዕቃ በጀርባ ወይም በጋማ ከብት ተጭኖ በየገበያው ይዞራል። ሸክላ ሠሪ መባል በአገራችን ለረጅም ዘመን የንቀት ስም ሆኖ እንደ ኖረ ሁሉ፣ የበርስለም ሰዎችም በለንደን ትልልቅ ቤቶች ዘንድ ከገበሬነት የማያልፉ ባለጅ ተደርገው ይታዩ ነበር።

አባቱ በ1739 ሲሞት ጆሳያ ገና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር፤ መደበኛ ትምህርቱም በዚያው ተቋረጠ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ብርቱ ፈንጣጣ ይዞት ከሞት ቢተርፍም ቀኝ ጕልበቱን ጎድቶት አለፈ። በ1744 ለታላቅ ወንድሙ ለቶማስ በውል ተሰጥቶ ለአምስት ዓመት ሙያ እንዲማር ተደረገ። ይሁን እንጂ የሸክላውን መዘውር በእግር እየረገጡ ማሽከርከር ለታመመው ጕልበቱ ከባድ ነበር። ስለዚህ ልጁ ከመዘውሩ ይልቅ ቅርጽ ወደ ማውጣት፣ አፈር ወደ መቀመምና የዕቃውን ገጽ እንደ መስታወት የሚያንጸባርቀውን ቅብ ወደ መመርመር አዘነበለ። መዘውር ላይ ተቀምጦ የሚውል ባለሙያ አንድ ሥራ ብቻ ያውቃል፤ ዌጅውድ ግን በጕዳቱ ምክንያት የሙያውን ክፍሎች ሁሉ እየተዘዋወረ ሊያያቸው ቻለ።

የውሉ ዘመን ሲያልቅ ወንድሙ በሽርክና ሊቀበለው አልፈቀደም። ዌጅውድም ሌላ ቦታ ጥቂት ከሠራ በኋላ በ1754 በዘመኑ ከነበሩት ምርጥ ሸክላ ሠሪዎች አንዱ ከሆነው ከቶማስ ዊልደን ጋር ተሻረከ። በውላቸው መሠረት ወጣቱ ሸሪክ በሙከራ የሚያገኘውን ምስጢር ለራሱ እንዲይዝ ተፈቅዶለት ነበር። በ1759 የሙከራ መዝገብ ከፈተ። እያንዳንዱን ሙከራ ቍጥር እየሰጠ፣ የቅመሙን መጠንና በምድጃው ውስጥ የተቀመጠበትን ስፍራ እየመዘገበ፣ ሌላ ሰው እንዳያነበውም በምስጢር ምልክት እየጻፈ ሄደ። የከሸፈውንም ሙከራ እንደ ተሳካው ሁሉ በጥንቃቄ መዝገቡ ነበር በኋላ ከሌሎች የለየው። ከአባት ወደ ልጅ በዓይንና በእጅ ብቻ ይተላለፍ የነበረው ሙያ በእርሱ እጅ ወደ ጽሑፍና ወደ ቍጥር ተሸጋገረ።

የመጀመሪያው የሥራ ቤት

በዚያው በ1759 ዌጅውድ በበርስለም ከዘመዶቹ ላይ አነስተኛ የሥራ ቤት ተከራይቶ በራሱ ስም ሥራ ጀመረ። የአውራጃው ነጭ ሸክላ ገበያ እየቀዘቀዘ፣ ዋጋው እየወደቀ፣ በዋጋው ልክ ጥራቱም እየዘቀጠ የሄደበት ጊዜ ነበር። ባልንጀሮቹ ዋጋ በመቀነስ ሲሽቀዳደሙ እርሱ የተሻለ ዕቃ መሥራትን መረጠ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ሰፊ የሥራ ቤት ሲዛወር ሠራተኛውን በቀንደ መለከት ፈንታ በደወል መጥራት ስለ ጀመረ፣ ቦታው የደወሉ ሥራ ቤት እየተባለ ይጠራ ጀመር።

በ1762 ወደ ሊቨርፑል ሲጓዝ የታመመ እግሩ በመንገድ ላይ ተመትቶ አልጋ ላይ ዋለ። ያከመው ሐኪም ከቶማስ ቤንትሊ ጋር አስተዋወቀው። ቤንትሊ የተማረ፣ ቋንቋ የሚያውቅ፣ ኪነ ጥበብን የሚወድ ነጋዴ ነበር። ዌጅውድ አፈርንና እሳትን ያውቃል፤ ቤንትሊ ደግሞ ገዢው ምን እንደሚወድ፣ የተከበረ ሰው ማዕድ እንዴት እንደሚዘረጋ ያውቃል። ይህ ወዳጅነት ወደ ሽርክና ደርሶ እስከ ቤንትሊ ሞት ድረስ ዘለቀ። በ1764 ዌጅውድ የሩቅ ዘመዱን ሣራ ዌጅውድን አገባ፤ ሣራም በሥራው አማካሪው ነበረች፤ አዲስ ዕቃ ሲሠራም አስተያየቷን ይጠይቅ ነበር።

የብዙ ዓመት ሙከራው ያፈራው ዋነኛ ውጤት እንደ ወተት ገባ ያለ ነጣ ያለ ቀለም ያለው ሸክላ ነው። ከእንግሊዝ ደቡብ የሚመጣውን ነጭ አፈር ተቃጥሎ ከተፈጨ ባልጩት ጋር በማዋሐድና በንጹሕ ቅብ በመለበጥ፣ ቀላል፣ ለእጥበት የሚመች፣ የፈላ ሻይ ቢፈስበት የማይሰነጠቅ ሰሐንና ሲኒ ሠራ። በ1765 ንግሥት ሻርሎት የሻይ ዕቃ ስታዝዘው ይህ ሸክላ የንግሥቲቱ ሸክላ የሚል ስም እንዲወጣለት ተፈቀደ። ዌጅውድ ስሙ ከሸክላው ያላነሰ ዋጋ እንዳለው ወዲያው ተረዳ። በለንደን የዕቃ ማሳያ አዳራሽ ከፈተ፤ ካታሎግ አሳተመ፤ ሻጮችን በየአገሩ ላከ። ቤተ መንግሥት የገዛችውን ሲኒ የመካከለኛው ሰው ሚስትም እንደምትመኘው ያውቅ ነበርና።

የመንገድ ነገር

ትእዛዙ ሲበዛ ችግሩ ከምድጃው ይልቅ በመንገዱ ላይ መሆኑ ታወቀ። ስታፎርድሽየር የድንጋይ ከሰል የሞላበት አገር ነው። አንድ ቶን ሸክላ ለመተኰስ የሚያስፈልገው ከሰል ከአፈሩ ክብደት ብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ስለዚህ ከሰሉን ወደ አፈሩ ከመውሰድ አፈሩን ወደ ከሰሉ ማምጣት ይረክሳል። የሸክላ ሥራ ከባሕር ርቆ በመካከለኛው እንግሊዝ የቆየበት ምክንያት ይህ ነው። ግን ነጩ አፈር ከደቡብ በመርከብ ወደ ሊቨርፑል ወይም ወደ ቼስተር፣ ከዚያም በወንዝ ጀልባ፣ በመጨረሻም በጋማ ከብት ጀርባ ነበር የሚደርሰው። የተሠራውም ዕቃ በዚያው ጭቃና ጉድጓድ መንገድ ሲመለስ ከፊሉ ይሰበራል።

ዌጅውድ ከሌሎች ጋር ሆኖ የትሬንትን ወንዝ ከመርሲ ወንዝ ጋር የሚያገናኝ የጀልባ ቦይ እንዲቆፈር ታገለ። መጽሔት እያሳተመ፣ ባለርስቶችን እየለመነ፣ በፓርላማ ፊት እየቀረበ በ1766 ሕጉ ሲጸድቅ የቦዩ ማኅበር ገንዘብ ያዥ ሆነ፤ በዚያው ዓመት ጁላይ ወር የመጀመሪያዋን አካፋ አፈር ያነሣ እርሱ ነው። መሐንዲሱ ጄምስ ብሪንድሊ ሥራው ሳይፈጸም በ1772 ቢሞትም፣ 93 ማይል ርዝመት ያለው ቦይ በ1777 ተጠናቀቀ። ዌጅውድ አዲሱን ፋብሪካውን የሠራው ቦዩ በሚያልፍበት ዳር ነው። ቦታውን በ1767 ሲገዛ ቦዩ ገና በመቆፈር ላይ ነበር፤ እርሱ ግን መንገዱንና ፋብሪካውን እንደ አንድ ነገር ይቆጥራቸው ነበር።

ልዩ ልዩ ዓይነት ፋብሪካዎች

አዲሱን ፋብሪካ ከማቆሙ በፊት ዌጅውድ የሌሎችን ሥራ ማየት አልታከተውም። በ1767 በበርሚንግሃም አጠገብ በሶሆ የሚገኘውን የማቲው ቦልተንን ፋብሪካ ጐበኘ። ቦልተን አዝራር፣ ማንገቻና ሌላም የብረታ ብረት ጌጥ የሚሠሩ ብዙ የሥራ ቤቶችን በአንድ ጣራ ሥር ሰብስቦ ነበር። ዌጅውድ በዚያ ያየው በልዩ ልዩ ሙያ የሠለጠኑ ብዙ ሰዎች በአንድ አስተዳደር ሲሠሩ ነው። የሸክላን ገጽ በመስመር የሚያስጌጠውን የቶርኖ መኪና ከብረት ሠሪዎች ተውሶ ወደ ሸክላ ሥራ ያስገባውም ከዚህ ዓይነት ትውውቅ ነው።

በ1771 ደግሞ ሪቻርድ አርክራይት በክሮምፎርድ በውኃ ኃይል የሚሠራ የጥጥ መፍተያ አቆመ። ይህ ሌላ ዓይነት ፋብሪካ ነው። በአርክራይት ቤት ክሩን የሚፈትለው መኪናው ሲሆን ሠራተኛው፣ አብዛኛውን ጊዜም ሕፃን፣ የተበጠሰውን ይቀጥላል፣ የሞላውን ያነሣል። የሥራው ፍጥነት በውኃው መዘውር ይወሰናል። በዌጅውድ ዘንድ ግን ዕቃውን የሚሠራው እጅ ነው፤ መኪና የሚገባው አፈርና ባልጩት በመፍጨት፣ ቀለም በማላም ነው። በ1780ዎቹ ከጄምስ ዋት የእንፋሎት ሞተር ሲያስተክልም ሞተሩን ያዋለው ለዚሁ ነበር። ስለዚህ አርክራይት የሥራውን ፍጥነት ከመኪናው ሲጠብቅ፣ ዌጅውድ ከሥርዓቱ መጠበቅ ነበረበት። እጅን እንደ መኪና እንዳይስት ማድረግ ምኞቱ እንደ ነበር ለወዳጆቹ ከጻፋቸው ደብዳቤዎች ይታወቃል። ይህ ምኞት የፋብሪካው ታላቅነት ምንጭ ሲሆን የሠራተኞቹም ምሬት ምንጭ ሆነ።

የእግሩ መቆረጥና የኢትሩሪያ መከፈት

የአዲሱ ፋብሪካ ግንባታ በተያዘበት ወቅት የእግሩ ሕመም እየባሰ ሄዶ ሕይወቱን የሚያሰጋው ሆነ። ሜይ 28 ቀን 1768 ማደንዘዣ በሌለበት ዘመን፣ በገዛ ቤቱ ቀኝ እግሩ ተቆረጠ። እርሱም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ ሥራው ተመልሶ ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሁሉ በእንጨት እግር ሄደ።

ጁን 13 ቀን 1769 ፋብሪካው ተከፈተ። ለጥንታዊት የኢጣሊያ ምድር ለኤትሩስካውያን ሸክላ መታሰቢያ እንዲሆን ኢትሩሪያ ተብሎ ተሰየመ። በዚያች ዕለት ቤንትሊ መዘውሩን ሲያሽከረክር ዌጅውድ በእጁ ስድስት የአበባ ማሰሮዎች ሠራ። በዚያው ዓመት በጎንደር ዐፄ ኢዮአስ ተገድለው ዘመነ መሳፍንት መግባቱን የሚያስታውስ አንባቢ ዘመኑን ለመገመት አያዳግተውም።

የኢትሩሪያ አሠራር የሕንፃው አቀማመጥ ራሱ ይናገራል። አፈሩ ከቦዩ ዳር ይገባል፤ ይፈጫል፣ ይቦካል፣ ይቀረጻል፣ ይደርቃል፣ ይተኰሳል፣ ይለበጣል፣ እንደገና ይተኰሳል፣ ይቀለማል፣ በመጨረሻም ታሽጎ ወደ ቦዩ ይመለሳል። ዕቃው ከክፍል ወደ ክፍል በተራ ሲያልፍ ወደ ኋላ የሚመለስበት መንገድ እንዳይኖር ተደርጎ ተሠርቷል። ፋብሪካው ለሁለት የተከፈለ ነበር። አንደኛው ክፍል የማዕድ ዕቃ፣ ይኸውም ሰሐንና ሲኒ የሚሠራበት ሲሆን፣ ሁለተኛው የአበባ ማሰሮ፣ ምስልና ሌላ ጌጣጌጥ የሚሠራበት ነበር። ሰሐን አንድ ዓይነት ሆኖ በብዛት፣ ያለማቋረጥ ይሠራል፤ ትርፉም ከብዛቱ ነው። ጌጥ ግን በየጊዜው አዲስ ቅርጽ፣ የተለየ ሙያተኛና ረጅም ጊዜ ይፈልጋል፤ ትርፉም ከጥበቡና ከስሙ ነው። ሁለቱን በአንድ ሥርዓት ማስተዳደር እንደማይቻል ዌጅውድ ቀድሞ ስላወቀ ሠራተኛውንም፣ ሒሳቡንም፣ ሽርክናውንም ለየ፤ ቤንትሊ ሸሪክ የነበረው በጌጣጌጡ ብቻ ነበር።

የቀድሞው ሸክላ ሠሪ ሁሉን ይሠራ ነበር፤ የኢትሩሪያው ሠራተኛ አንድ ሥራ ብቻ ይሠራል። በጁን 1790 በፋብሪካው ከነበሩት 278 ወንዶች፣ ሴቶችና ልጆች መካከል የተወሰነ የሥራ ምድብ ያልነበራቸው አምስት ብቻ ነበሩ። ቅርጽ አውጪው፣ እጀታ ቀጣዩ፣ ቅብ ነካሪው፣ ቀለም ቀቢው ሁሉም የየራሱ ክፍል፣ የየራሱ ካቦ ነበረው። ደወል ይደወላል፤ የሰዓት ተቆጣጣሪው የገባውንና የዘገየውን ይመዘግባል፤ ደንብ ያፈረሰ መቀጫ ይከፍላል። በሌላ በኩል ሠራተኛው ሲታመም የሚረዳበት መዋጮ ተቋቋመ፤ ከፋብሪካው አጠገብም የሠራተኞች መንደር ተሠራ።

ሒሳቡ የነገረው ምስጢር

ኢትሩሪያ ከተከፈተ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ፋብሪካው ሊወድቅ ተቃረበ። በጁን 1772 የለንደን ባንክ ባለቤት አሌክሳንደር ፎርዳይስ ዕዳውን መክፈል አቅቶት አገር ጥሎ ሲሸሽ፣ ከለንደን እስከ ኤዲንበርግና አምስተርዳም ድረስ ብድር ተቋረጠ። የከበሩ ደንበኞች ትእዛዛቸውን ሰረዙ፤ የሸጡት ዕቃ ዋጋ አልተሰበሰበም፤ ግምጃ ቤቱ ያልተሸጠ የአበባ ማሰሮ ሞላው። እስከዚያ ድረስ ዌጅውድ እንደ ብዙዎቹ የዘመኑ ባለ ፋብሪካዎች ገንዘብ ሲገባ ትርፍ፣ ሲጐድል ኪሣራ ነው ብሎ ይገምት ነበር እንጂ እያንዳንዱ ዕቃ ምን ያህል እንደሚያስወጣው በውል አያውቅም።

መዝገቦቹን ዘርግቶ መመርመር ሲጀምር ያላሰበውን አገኘ። ለእያንዳንዱ ማሰሮ የአፈሩን፣ የቅርጽ ማውጫውን፣ የደመወዙን፣ የከሰሉን፣ የኪራዩን፣ የሚሰበረውንና የሻጩን ድርሻ ለየብቻ አሰላ። ከዚህም ስሌት አንድ ትልቅ ነገር ወጣ። አንዱ ወገን ወጪ ዕቃው ሲበዛ አብሮ ይበዛል፤ ሌላው ግን አንድ ማሰሮ ቢሠራም መቶ ቢሠራም ያው ነው። ቅርጽ ለማውጣትና ፎርማ ለማዘጋጀት የወጣው ገንዘብ ከሁለተኛው ወገን ነበር። ስለዚህ አዲስ ቅርጽ በየቀኑ መፍጠር ለስሙ ቢበጅም ለሣጥኑ አይበጅም፤ አንድ ፎርማ ከወጣ ብዙ ዕቃ ሊሠራበት ይገባል። በዛሬው አነጋገር ቋሚና ተለዋዋጭ ወጪ የሚባለውን ልዩነት ዌጅውድ ያገኘው በመጽሐፍ ሳይሆን በጭንቀት ነው። ምርመራው በሒሳብ ጽሕፈቱ ውስጥ የተሰወረ ማጭበርበርንም ገለጠ።

ከዚህ በኋላ የወሰደው እርምጃ ዕውቀቱን በሥራ አሳየ። ለመኳንንት ብቻ ይሸጥ የነበረውን ማሰሮ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ለመካከለኛው ሕዝብ አቀረበ፤ ፎርማው አስቀድሞ ወጪውን መልሷልና። ይህንንም ያደረገው መኳንንቱ ካወደሱት በኋላ እንጂ በፊት አልነበረም። ብዙ ባልንጀሮቹ በወደቁበት በዚያ ቀውስ ኢትሩሪያ ቆመ።

በ1773 የሩሲያ ንግሥት ካትሪን በእንቍራሪት ምልክት የሚለይ፣ በእንግሊዝ አገር ሥዕሎች ያጌጠ የማዕድ ዕቃ አዘዘች። 952 ቍራጭ ዕቃ ከአንድ ሺህ ሁለት መቶ በላይ ሥዕል ተሥሎበት በ1774 ሲያልቅ ዌጅውድ ወዲያው አልላከውም፤ በለንደን አዳራሹ ለሕዝብ ከፍቶ አሳየው። ከሽያጩ ያገኘው ትርፍ ኢምንት ነበር። ነገር ግን የማዕድ ዕቃ ክፍሉ ሠሐኑን በርካሽ፣ የሥዕል ክፍሉ ሥዕሉን በውድ ስለ ሠሩ፣ ወጪውን አስቀድሞ ያወቀው ዌጅውድ ኪሣራ የሌለበትን ማስታወቂያ ገዛ። ዕቃው ዛሬም በቅዱስ ጴጥሮስ ከተማ በኤርሚታዥ ቤተ መዘክር ይገኛል።

ከፋብሪካው በር ውጭ

በኦክቶበር 1779 ዌጅውድ በላንካሽየር ሲጓዝ በመንገድ ላይ ብዙ መቶ ሰዎች ተሰልፈው አገኘ። እንጀራችንን ነጠቀን ያሉትን የአርክራይትን የጥጥ መኪና ሊሰባብሩ የወጡ ሰዎች ነበሩ፤ የቢርካከር ፋብሪካም በዚያ ሰሞን ወደመ። ሸክላ ሠሪው ያየውን ለቤንትሊ በዝርዝር ጻፈ። በእርሱ ፋብሪካ መኪና የሰውን እጅ ስላልተካ ይህ ዓይነት ቍጣ ወደ ኢትሩሪያ የሚመጣ አይመስልም ነበር።

መጣ እንጂ። በ1783 የእህል ዋጋ በናረበት ወቅት ዱቄትና አይብ የጫነች ጀልባ በቦዩ ላይ በኢትሩሪያ ቆማ ሳለ ረኃብ ያስጨነቀው ሕዝብ ጭነቱን ወሰደ። ወታደር ተጠራ፤ ከተያዙትም አንዱ በስቅላት ተቀጣ። ዌጅውድ ለአካባቢው ወጣቶች አንድ ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ፤ ወላጆቻቸው የኖሩበትን ድኽነት አሁን ካለው ቤት፣ ደመወዝና መንገድ ጋር እያነጻጸረ ሁከትን እንዲጠሉ መከራቸው። ማነጻጸሪያው እውነት ነበረው፤ በርስለም ከጉድጓዳም መንደርነት ወጥታለች። ነገር ግን ደመወዝ ከአባት ዘመን መሻሻሉ ዛሬ ልጁ ለራበው ሰው መልስ እንደማይሆን መጽሐፉ አይናገርም። ፋብሪካው ገበሬውን ሸክላ ሠሪ ከእርሻው ነጥሎ በደመወዝ ብቻ የሚኖር አድርጎታል፤ የእህል ዋጋ ሲወጣም የሚሸሽበት ማሳ የለውም። የባልጩት ዱቄት ሳንባን፣ የቅቡ እርሳስ ደግሞ ሰውነትን የሚመርዝ መሆኑም የሸክላ ሠራተኞች ለትውልድ የተሸከሙት ዕዳ ነው።

የዚሁ ሰው ሌላ ገጽ በ1787 ታየ። የባሪያ ንግድን ለማስቀረት በለንደን ማኅበር ሲቋቋም ዌጅውድ ከኮሚቴው ጋር ተባበረ። በሰንሰለት ታስሮ ተንበርክኮ የሚለምን ጥቁር ሰው የተቀረጸበት ትንሽ የሸክላ ሜዳሊያ በፋብሪካው አሠርቶ በነጻ አደለ፤ በ1788ም ለቤንጃሚን ፍራንክሊን ወደ አሜሪካ ላከ። ሴቶች በእጅ አንባርና በፀጕር ማስያዣ ላይ አደረጉት። ለመኳንንት ማሰሮ የሸጠበትን ብልሃት ሁሉ፣ ማለትም አንድ ፎርማ፣ ብዙ ቅጂ፣ የሰዎችንም ለምልክት መጓጓት፣ በዚህ ጊዜ ያዋለው ለሌላ ዓላማ ነበር።

የባለሙያዎች ማኅበር ጕዳይም ለእርሱ አዲስ አልነበረም። በ1785 መንግሥት ከአየርላንድ ጋር ሊያደርገው ያሰበውን የንግድ ስምምነት ለመቃወም የልዩ ልዩ ሙያ ባለ ፋብሪካዎችን አስተባብሮ የእንግሊዝ ባለ ፋብሪካዎች ጠቅላላ ምክር ቤት እንዲመሠረት ከደከሙት ዋነኛው ነበር። በማግሥቱ ዓመት ግን ከፈረንሣይ ጋር የንግድ ውል ሲፈረም፣ ገበያ የሚሹት አዳዲስ ኢንዱስትሪዎች ደግፈው፣ ጥበቃ የለመዱት አሮጌዎቹ ተቃውመው ምክር ቤቱ ተከፈለ፤ ብዙም ሳይቆይ ፈረሰ። ፋብሪካዎች ስማቸው አንድ ቢሆንም ጥቅማቸው አንድ እንዳልሆነ ይህ ታሪክ ያሳያል።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

በ1780 ቤንትሊ ሲሞት ዌጅውድ የቅርብ ወዳጁንና አማካሪውን አጣ። ከዚያ በኋላ ጕልበቱን ይበልጥ ወደ ሳይንስ አዞረ። የምድጃን ግለት እስከዚያ ድረስ ባለሙያው በዓይኑ ቀለም እያየ ይገምተው ነበር። ዌጅውድ ሸክላ በእሳት ውስጥ የሚኮማተርበትን መጠን በመለካት የምድጃውን ግለት የሚናገር መሣሪያ ሠርቶ በ1782 ለንጉሣዊው የሳይንስ ማኅበር አቀረበ፤ በሚቀጥለውም ዓመት የማኅበሩ አባል ሆኖ ተመረጠ። መለኪያው በዲግሪ ሲተረጐም ትክክል አለመሆኑ በኋላ ቢታወቅም፣ አንዱን ተኵስ ከሌላው ጋር ለማመዛዘን ለባለ ምድጃዎች ጠቅሟል። በ1770ዎቹ አጋማሽ ከሺህ ከሚቈጠሩ ሙከራዎች በኋላ ያገኘው ጃስፐር የሚባለው ባለ ቀለም ሸክላ፣ በኋላም በዚሁ ሸክላ የሠራው የጥንቱ የፖርትላንድ ማሰሮ ቅጂ የሙያው ዘውድ ተብለው ይቈጠራሉ።

ዌጅውድ ጃንዋሪ 3 ቀን 1795 በኢትሩሪያ በሚገኘው ቤቱ ሞተ። በዓመቱ ልጁ ሱዛና የወዳጁን የዶክተር ኢራስመስ ዳርዊንን ልጅ አገባች፤ ከዚህም ጋብቻ በ1809 የተወለደው የተፈጥሮ ተመራማሪው ቻርልስ ዳርዊን ነው። የኢትሩሪያ ምድጃዎች ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ነደዱ። ነገር ግን ፋብሪካውን በዚያ ስፍራ ያስቆመው የከሰል ማዕድን ከሥሩ ተቆፍሮ መሬቱን ስላሰጠመው፣ ሥራው በ1940 በተከፈተው በባርላስተን ፋብሪካ ተተካ። የዛሬው ተመልካች በኢትሩሪያ የሚያየው ከሕንፃው የተረፈ ጥቂት ግንብና ዌጅውድ የመጀመሪያዋን አካፋ አፈር ያነሣለትን ቦይ ነው።